ሳትቀምስ የቀዳችው ዋንጫ

በጣሊያን ጊዜ ቡታጅራ ውስጥ ያልጠጣሁበት ቤት የለም፤ ሁሉም ግን ሰልችተውኝ ነበር። ገበያው አጠገብ ያለው ጠጅ ቤት ጠጁ ማለፊያ ነው፤ ነገር ግን ባንዶች ስለሚያዘወትሩት አፍን ዘግቶ መጠጣት ነው። ዝም ብለው የሚጠጡት ጠጅ ደግሞ ምን ጠጅ ነው። መንገድ ሠራተኞቹ የሚሄዱበት ጠላ ቤት ጌሾ ስለሚያበዙ ሲነጋ ራስ ይፈልጣል።

የቀረችኝ አንዲት ባልቴት ነበረች። ጠላዋ ቀጭንና ጎምዛዛ ነው። ሆኖም መርዝ እንደሌለበት እንድናይ፣ እንደ ደንቡ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ሳትቀምስ ለማንም አትሰጥም። ሌሎቹ ሲቸኩሉ ይዘሉታል፤ እሷ ዘልላው አታውቅም።

አንድ ቀን ጎረቤቷን ለጣሊያን የጠቆመው ባንዳ መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠ። ከእኛው ጋን ቀዳችለትና ሳትቀምስ አቀበለችው። ዋንጫውን እንደያዘ እጇን አየ፣ ቀጥሎ እኛን አየ። ዋንጫውን መሬት ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ባልቴቷ ልትደፋው ስትነሳ፣ «ተዪው እትዬ፣ ጠላው ምን አጠፋ» ብዬ ተቀበልኳትና ጨለጥኩት።

ያው ጎምዛዛ ነበር።