የሰይጣን መርፌና ቀይ ክር

መሪ፣ ማለዳ

ሕዳር 12 በማለዳ መሪ ሰፈር ካለው ኮንዶሚኒየም ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ የነበሩት መቀስ፣ የወረቀት ፖስታዎችና የክር ጥቅል ናቸው። የምሄደው ዘር ለመልቀም ነው። የዕፅዋት ዘረመል ተመራማሪ ነኝ ስል ሰው ሁሉ ጤፍ ወይም ስንዴ ይመስለዋል። የኔ ነገር ግን “የሰይጣን መርፌ” ከምንለው አረም ጋር ነው፤ ያ ቀጭን ጥቁር ዘሩ ካልሲና ቀሚስ ላይ ተሰክቶ አልነቀልም የሚለው።

ይህ አረም ወሰን በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ጋራዥ አጥር ሥር ይበቅላል። እዚያ አፈር ላይ የአሮጌ ባትሪ እጣቢ ሲደፋ ስለኖረ እርሳስ የሚባለው መርዛም ብረት ሞልቶበታል። ሌላው ተክል ከፍ ሳይል ቢጫ ሆኖ ይሞታል። የሰይጣን መርፌ ግን እርሳሱን እየጠጣ ያብባል። የኔ ጥያቄ አጭር ናት፤ ይህን ችሎታ ከወላጆቹ ወርሶት ነው ወይስ እያንዳንዱ ተክል በራሱ ለምዶት?

ይህን ለማወቅ ክረምቱ ሲወጣ እንጦጦ ላይ ንጹሕ አፈር ውስጥ ከበቀለ ዘመዱ የአበባ ብናኝ ወስጄ የወሰኑን አበባ በትንሽ ብሩሽ ቀባሁት። እናቱ የወሰን፣ አባቱ የእንጦጦ የሆነ ዘር ማለት ነው። ንብ ሌላ ብናኝ እንዳታመጣብኝም እያንዳንዱን አበባ በወረቀት ከረጢት ሸፍኜ በክር አሰርኩት፤ ለማነጻጸሪያ የሚሆነኝን የእንጦጦውን በነጭ፣ የወሰኑን በቀይ። አሁን ዘሩ ደርሷል። መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ ጋራዡ በቅርቡ ይነሳል፣ አፈሩም አብሮ ይጠረጋል። የወሰኑ ዘር ዘንድሮ ካመለጠኝ አመለጠኝ።

ላምበረት

ቀኑ የሚካኤል ንግሥ ስለሆነ ታክሲው ነጠላ በለበሱ ሰዎች ተሞልቷል። ረዳቱ ከታሪፉ በላይ ሲጠይቅ አጠገቤ የተቀመጡ እናት “ሚካኤል ይይልህ” ብለው ከፈሉ። እኔም ያንኑ ብዬ ከፈልኩ። ረዳቱ ሳቀ እንጂ መልስ አልሰጠንም።

ላምበረት ወርጄ ከመናኸሪያው በር ላይ ዳቦና ሙዝ ገዛሁ። አንድ ተሸካሚ ቦርሳዬን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋና ክብደቱን ሲያይ “ባዶ ነው እንዴ?” ብሎ መለሰልኝ። ማታ ሲሞላ ብታየው አልኩ በልቤ። ወሰን ከዚያ ቅርብ ነው፤ መጀመሪያ እሱን ጨርሼ ብወጣ ይቻል ነበር። ነገር ግን ዳገት በጠዋት ይሻላል ብዬ አስፋልቱ እስከሚያልቅበት በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሬ ወደ እንጦጦ አቀናሁ። ቀኔን ያበላሸው ይህ ብልጠት ነው።

ከባሕር ዛፉ በላይ

አዴ ጫልቱ ከባሕር ዛፉ በላይ ባቄላና ገብስ የሚዘሩ ሴት ናቸው። ተክሎቼ ያሉት ማሳቸው ዳር ነው። ላማቸው እንዳትበላብኝ ዙሪያውን እሾህ አጥረውልኛል፤ ሳልጠይቃቸው።

“አሁን አትልቀሚ፤ ጤዛው ይርገፍ” አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ እርጥብ ዘር ፖስታ ውስጥ ይሻግታል። ጤዛው እስኪደርቅ የተቀቀለ ድንች ከሚጥሚጣ ጋር አቀረቡልኝና ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ስለ ልጃቸው ሠርግ አወሩኝ። አንዳንዱን በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሱታል፤ እኔም ግማሹን ከፊታቸው እረዳለሁ። እንዲህ ደስ ብሎኝ ቁርስ የበላሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ጤዛው ደርቆ፣ ነጭ ክር ያሰርኩባቸውን ከረጢቶች እየቆረጥኩ ፖስታ ውስጥ ስከት አዴ ጫልቱ ቀና ብለው ወደ ከተማው አዩ።

“አዬ፣ ጀመሩ” አሉ።

“ምኑን?”

“ሕዳር ሲታጠን ነዋ! አዲስ አበባ አይደለሽም እንዴ?”

ክው አልኩ። ከታች፣ ከየሰፈሩ ጭስ ተነስቷል። ሚካኤልን ለታክሲው ወረፋ ብቻ አስቤው፣ በዚህ ቀን ሰፈር ሁሉ አጥሩን ጠርጎ፣ አረሙን ነቅሎ እንደሚያቃጥል ረሳሁት! ልጅ ሆኜ እኔው ራሴ ቅጠል እየለቀምኩ ያነደድኩበትን ቀን። ኮንዶሚኒየም ገብቶ መርሳት ማለት ይኼ ነው።

“ሩጪ፣ ሩጪ! የቀረውን እኔ እቆርጥልሻለሁ” አሉኝ አዴ ጫልቱ መቀሱን ከእጄ ተቀብለው። በሥራዬ መቀሴን ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። ያን ቀን ሰጠሁ።

ወሰን

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩ እንጃ። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ለሚካኤል ስለት ተሳልኩ፤ ተመራማሪም ይሳላል።

ስደርስ የጋራዡ አጥር ከዳር እስከ ዳር ተጠርጓል። ቆሻሻው ተከምሮ ይጨሳል። መሐል ላይ ግን አንድ ቁራጭ ቦታ አልተነካም። ተክሎቼ ከረጢታቸውን እንደተሸከሙ፣ ቀይ ክራቸው እንደታሰረ ቆመዋል። ሰፈርተኛው በሩቁ ከቧቸዋል።

“አትጠጊ ልጄ!” አሉኝ ነጠላቸውን ያደገደጉ ሴት። እትዬ ብርቄ እንደሚባሉና ከጋራዡ ጀርባ እንደሚኖሩ ኋላ አወቅሁ።

“ምን ሆኖ ነው እትዬ?”

“መተት ነው እንጂ ምን ይሆናል! ለየአበባው ከረጢት፣ ለየከረጢቱ ቀይ ክር። መርፌውስ የሰይጣን ነው፤ ክሩን ያቀበለው ማነው?”

አጠገባቸው የጋራዡ መካኒክ ሰለሞን ቤንዚን የያዘ ጀሪካን ይዞ ቆሟል። “ቄሱ ከንግሥ ሲመለሱ ጠበል ይረጩበትና እናቃጥለዋለን። ይኼ ነገር ከታሰረ ጀምሮ ሥራ የሚባል የለም” አለኝ።

ለጋራዡ ባለቤት ነግሬ ነበር፤ እሳቸው ለበዓሉ አገር ቤት ሄደዋል። አበባውን ልሸፍን የመጣሁት ደግሞ ጋራዡ በሚዘጋበት እሁድ ስለነበር ሌላ የሚያውቀኝ የለም።

“የኔ ነው” አልኩ።

ሁሉም ወደኋላ አለ። አንዲት እናት ልጇን ጎትታ ከኋላዋ ደበቀችው። ሰለሞን ጀሪካኑን በሁለት እጁ ያዘው። ጊዜ ሳላጠፋ አንዱን ከረጢት በጥፍሬ ቀድጄ ዘሩን መዳፌ ላይ አፈሰስኩና ለእትዬ ብርቄ ዘረጋሁላቸው። ስለ እርሳሱም፣ ስለ እንጦጦው አባትና ስለ ወሰኗ እናት በአጭሩ ነገርኳቸው።

“ታዲያ ቀይ ለምን?”

“ከሩቅ እንዲታየኝ ነው።”

“እሱማ ታየ!” አሉና ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁ ሲበርድ ግን ዋናው ነገር ቀረ። “እባካችሁ አታቃጥሉት” አልኩ። “የጠጣው እርሳስ ከጭሱ ጋር ይወጣል። መፍራታችሁ ልክ ነው፤ ምክንያቱ ነው ሌላ የሆነው።”

እትዬ ብርቄ መሬቱን እያሳዩ “ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱት እዚህ አፈር ላይ ነው። ይኼ አረም የቻለውን እነሱ ይችሉታል?” አሉ።

“አይችሉትም እትዬ። ከዚህ ይራቁ። እጃቸውን ሳይታጠቡ አይብሉ። ጤና ጣቢያም ወስዳችሁ አስመርምሯቸው፤ እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ።”

አፈሩን ለክቼ ነበር፣ ቅጠሉን ለክቼ ነበር። ይህን ቃል ለነዚህ ሰዎች ከቤቴ ተነስቼ መጥቼ መናገር እንዳለብኝ ግን ሳይጠይቁኝ አልታየኝም። አፈርኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ደግነት ነው። ሰለሞን ጀሪካኑን አስቀምጦ መቀስ አመጣልኝ። እትዬ ብርቄ ከረጢቶቹን በጣታቸው ጫፍ እያነሱ፣ በየአንዳንዱ እያማተቡ አቀበሉኝ። ዘሩ ተለቅሞ ሲያልቅ ግንዱን በማዳበሪያ ጆንያ አስረን ወደ ላቦራቶሪዬ እንዲሄድ አስቀመጥነው። ቄሱ ሲደርሱ ነገሩን ሰምተው ሳቁ። ጠበሉ እንዳይባክን ብለው እኛን ረጩን፤ እኔን ደገም አድርገው።

መሪ፣ ማምሻውን

ቤቴ ገብቼ ፖስታዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። ቀሚሴ ላይ የተሰኩት ዘሮች ከየት እንደመጡ ስለማይታወቅ ለምርምር አይሆኑም፤ አንድ በአንድ ነቅዬ ጣልኳቸው። የቀረው የእንጦጦ ዘር ከመቀሴ ጋር አዴ ጫልቱ ዘንድ ነው፤ የወሰኑ ዘር ግን ሙሉ በሙሉ እጄ ገብቷል። እሾህ ያጠሩልኝን አመሰገንኩ፤ ፈርተው ያልነኩልኝንም ከነሱ እኩል አመሰገንኩ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። ለዘር ጥበቃ አበባውን መሸፈን እንደማይበቃ፣ የጎረቤቱንም በር ማንኳኳት እንደሚያስፈልግ ከዚህ መንገድ ተማርኩ።

ፖስታዎቹን አንድ ላይ ላስር ክር ሳነሳ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ብርቄ ናቸው።

“በሰላም ገባሽ? ልጆቹን ከአጥሩ አራቅናቸው። ሰኞ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፤ ቃልሽን አትርሺ።”

“አልረሳም እትዬ። በጠዋት እመጣለሁ።”

“ደግሞ አደራ፣ ዘሩ ሲበቅል ንገሪኝ።”

እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና እጄን አየሁት። የያዝኩት ቀዩን ክር ነው። መልሼ መሳቢያው ውስጥ ከተትኩትና ነጩን አወጣሁ።