ሸሚዝ ተኳሿና የአለቃው አፍንጫ

ኮሌታ የሚተኮሰው ከጫፍ ወደ መሃል ነው። ከመሃል ከጀመሩት ጨርቁ ወደ ጫፍ ተገፍቶ ይጨማደዳል። ይህን የሚያውቁት የሸሚዝ ተኳሿ እጆች ናቸው፤ ራሷስ በዚያ ጠዋት ስለ ኮሌታ አላሰበችም። በግራ እጇ ጨርቁን ትወጥራለች፣ በቀኟ ካውያውን ትገፋለች፣ እንፋሎቱ ፊቷ ላይ ይተነፍስባታል፣ እሷም ጥርሷን ነክሳ አለቃውን ትረግማለች።

ምክንያት ነበራት። የምትሠራበት ሆቴል ላውንደሪ፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል አለቃ፣ ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ እያየ፣ «አፍሽን ክፈቺ» ብሎ አፍንጫውን ከንፈሯ ላይ ደቅኖ ነበር። ጉንጯ እንደ ፍም ስለሚግል፣ ዓይኗ ስለሚቀላ፣ ትጠጣለች ብሎ ቆርጧል። ምንም አልሸተተውም። ቢሆንም፣ «ብልጥ ነሽ፣ ማስቲካ ታኝኪበታለሽ። የእንግዳ ልብስ ለሰካራም አላስነካም። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ዓይንሽ ካልጠራ ውልቅ ብለሽ ትሄጃለሽ» አላት። ይህች ሴት እኮ በሠርጓ ቀን እንኳ ብርጭቆ አላነሳችም።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ የጉንጯ መጋል፣ ቀጥሎ ትንንሽ ሽፍታ፣ ከዚያ ዓይኗ ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስል ይቆረቁራት ጀመር። ጠይም ስለሆነች የጉንጯ ቅላት ጎልቶ አይታይም፤ ፊቷ የጠቆረና ያበጠ ነው የሚመስለው። የሰፈር ክሊኒክ «ብጉር ነው» አላት። በአርባ ዓመቷ ብጉር! ያኔ ሳቂታ የሚሏት ልብስ አጣጣፊ ጓደኛዋ ከጉያዋ አንዲት ቲዩብ አወጣች።

«ይቺን ቀቢማ፣ እህትዓለም። እዚህ ቤት ያልተቀባ የለም። ተቀብተሽ ደግሞ እንፋሎቱ ላይ ጎንበስ በይ፣ ቆዳሽ እንዲጠጣው።»

የላውንደሪዋ ሴቶች ወግ ይህ ነበር። ቅባቱን ይለቀለቁና መተኮሻው ማሽን ላይ እንደ ድስት ክዳን ይደፋሉ። ለሌሎቹ ጨዋታ ነበር። የእሷም ፊት ለጥቂት ቀናት ረገበላት፣ ተመስገን አለች። ስታቆም ግን እሳት ሆነ። እሳቱን ለማጥፋት እንደገና ቀባች። እንዲህ እንዲህ ስትል ያለዚያች ቲዩብ ከቤት መውጣት አቃታት።

አለቃው በዛተ ማግስት ልጇ፣ «እማ፣ ሰውዬው አፍሽን እያሸተተ አንቺ ዝም ብለሽ ቅባት ትቀቢያለሽ?» ብላ እየጎተተች የቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ጉንጯን ዳበሰች፣ የዓይኗን ሽፋን ገልበጥ አድርጋ አየች።

«ፀሐይ ላይ ይብስብዎታል? ትኩስ ነገር ሲጠጡስ? ሲናደዱ?»

«ስናደድ? ታዲያ መቼ ሊሻለኝ ነው?»

ሐኪሟ ሳቀች። ከዚያ ቁም ነገሩን ነገረቻት። «ሮዛሺያ ይባላል፣ እናቴ። የቆዳ በሽታ ነው፤ ዓይንም ይነካል። ጠጥቶ የማያውቅ ሰው ይይዘዋል። ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ነቅሎ የሚያጠፋው መድኃኒት የለም፣ ግን ይገራል።» ቲዩቧን ተቀብላ አገላበጠቻት። «ያባሰችው ይቺ ናት፤ ውስጧ ስቴሮይድ የሚባል ኃይለኛ መድኃኒት አለ። ሲያቆሟት መጀመሪያ ይብስብዎታል፣ እንዳይደነግጡ።» የሚቀባና የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘችላት። ፊቷን ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እንድትታጠብ፣ የዓይኗን ሽፋን ሞቅ ባለ እርጥብ ጨርቅ እንድትጠርግ፣ ጠዋት ጠዋት የፀሐይ መከላከያ እንድትቀባ መከረቻት። «ከእንፋሎቱም ይራቁ» አለች።

ተኳሿ ወንበሩ ላይ እንዳለች አለቀሰች። የሐዘን እንዳይመስላችሁ፤ የንዴት ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ለበሽታዋ «ስካር» ብሎ ስም ያወጣለት አለቃው ነበር።

የሳምንቱ መጨረሻ ደረሰ። ቅባቱን በመተዋ ፊቷ ከምንጊዜውም ብሶ ነበር። አለቃው መጣ።

«አፍሽን።»

ካውያውን በቂጡ አቆመችው። «አልከፍትም።»

«አሃ! ዛሬ ተያዝሻ!»

እስከዚያ ቀን እርስዎ ስትለው የኖረች ሴት፣ «አንተ!» አለችው። «አፍንጫህን አፌ ላይ ደቅነህ ምን አገኘህ? በሽተኛ ነኝ። በሽታዬ ሮዛሺያ ይባላል። ካላመንክ ሂድና ሐኪሟን አሽትታት! እኔ ከእንፋሎት መራቅ አለብኝ። መስኮቱ ስር፣ ማጣጠፊያው ጋ አድርገኝ።»

ሳቂታ የያዘችውን አንሶላ ጣለች፤ ያን ቀን ፊቷ ላይ ሳቅ የለም። «ቅባቱን የሰጠኋት እኔ ነኝ። እሷ ቦታ እኔ እቆማለሁ።»

«ይሄ ቤት የእናንተ ነው እንዴ?»

«ሸሚዞቹ ግን እየጠበቁ ነው፣ አለቃ» አለ አንዱ አጣቢ ከኋላ።

አለቃው የተቆለለውን ልብስ አየ፣ ሰዓቱን አየ። «ለጊዜው ነው!» ብሎ ወጣ። ይቅርታ የሚል ቃል አልተነፈሰም፤ እስከ ዛሬም አልተነፈሰም።

አሁን መስኮቱ ስር አንሶላ ታጥፋለች። ዓይኗ ጠርቷል፤ ፊቷም ረግቷል፣ አልፎ አልፎ ቢነሳባትም ምን እንዳስነሳው ታውቃለች። ሥራዋም አለ። ንዴቷ ግን አልበረደም። ክፍል አጽጂዎቹ፣ በር ጠባቂው፣ የሰፈሯ ባለሱቅ ሳይቀር ዛሬም «ያቺ ጠጪዋ» ይሏታል። ያወራ እንጂ ያስተባበለ የለም።

እናንተን አንባቢዎችን የምትለምነው ይህን ነው። ዓይኑ የቀላ፣ ፊቱ የጋለ ሰው አይታችሁ «ይጠጣል» ብላችሁ ለሌላ አውርታችሁ ከሆነ፣ ያወራችሁለትን ሰው ዛሬውኑ ፈልጉና፣ «ሳላውቅ ነው ያወራሁት፣ ከልብህ አውጣው» በሉት።