ቀይዋ መብራት ዝም ስትል ደስ አለን

ይህ ነገር የደረሰብን ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ፣ እዚህ ቴክሳስ፣ ከዳላስ ወጣ ብላ ባለችው ሮውሌት በኪራይ ቤት ስንኖር ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ከሐሳቤ ያልወጣው ግን ጉዳት ያደረሰብን ሰው ክፉ ሰው ስላልነበረ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

የባለቤቴ የሙሉጌታ አባት ለመጀመሪያ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጥተው ነበር። አባባ እንላቸዋለን። ቴክሳስ ሞቃት አገር ነው እያልን ስላወራንላቸው ከአንድ ሹራብ በቀር ወፍራም ልብስ አልያዙም። ብዙም ሳይቆዩ ያ የሰሜን ንፋስ መጣና ከተማው በረዶ ለበሰ። የዳላስ ሰው በረዶ አልለመደም። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መንገዱ መስታወት ሆነ። የእኛም የቤት ማሞቂያ ሂተር የቆመው ያኔ ነው።

ሂተሩ በጋዝ የሚሠራ አሮጌ ማሽን ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ባለች ጠባብ የዕቃ ክሎዜት ውስጥ ቆሟል። በሩን ስከፍተው ከማሽኑ ክዳን ላይ ባለች ትንሽ መስታወት ውስጥ ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች። ሦስት ጊዜ ብልጭ ትልና ታርፋለች፤ እንደገና ሦስት ጊዜ። ክዳኑን ሳነሳው ከጀርባው የተለጠፈ ወረቀት አለ። የብልጭታው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ይዘረዝራል። በሦስት ቁጥር አንጻር «ፕሬዠር ስዊች»፣ የግፊት መቆጣጠሪያ እንደማለት፣ ይላል። ከሥሩ በደቃቃ ፊደል ሌላም ነገር ተጽፏል፤ ግማሹ ተፍቋል።

ለአከራያችን ኮል አደረግኩ። የሂተር ካምፓኒ ስልክ ሰጠኝ። ስደውል ወረፋው ብዙ ነው ተባልኩ፤ በዚያ ሰሞን የሁሉም ሰው ሂተር የተበላሸ ይመስል ነበር። ሙሉጌታ ማሽኑን አጥፍቶ ሲያበራው ትንሽ ይሠራል፣ ከዚያ ይቆማል፣ መብራቷም ብልጭታዋን ትጀምራለች። አባባ ጋቢያቸው ላይ የእኔን ኮት ደርበው ሶፋው ላይ ኩርምት አሉ።

«ተስፋዬን ልጥራው» አለ ሙሉጌታ።

ተስፋዬና ሙሉጌታ ከሱዳን ስደት ጀምሮ አብረው የኖሩ ናቸው። ተስፋዬ አፓርትመንት ውስጥ ሜንቴናንስ፣ የጥገና ሥራ፣ ይሠራል። የሀበሻ ሰው ቤት ቧንቧ ሲፈስ፣ መብራት ሲጠፋ የሚጠራው እሱ ነው። በጥሪው ቀርቶ አያውቅም። ያን ቀንም ሰው ሁሉ ከቤት እንዳይወጣ በሬዲዮ እየተነገረ ዳላስ ካለው ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ተነሥቶ በዚያ በረዶ ላይ እየተንሸራተተ መጣ።

ወረቀቱን አነበበ። መብራቷን ቆጠረ።

«ፕሬዠር ስዊች ነው የሚለው። ሶ፣ ስዊቹ ተቃጥሏል ማለት ነው» አለን። «ዕቃው ዛሬ አይገኝም። ለጊዜው ባይፓስ ላድርገው፣ በኋላ ትቀይሩታላችሁ።»

ወደ ስዊቹ የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች ነቅሎ በሌላ ቁራጭ ሽቦ አገናኛቸው። ማሽኑ ጎረምሳ ሆኖ ተነሣ። ቀይዋ መብራት ብልጭታዋን ትታ ዝም ብላ በራች። ሞቅ ያለ አየር ፊታችንን ሲመታን ልጄ ቤዛ አጨበጨበች። አባባ ከሶፋው ተነሥተው ተስፋዬን ግንባሩን ሳሙትና «ቤትህ ይሙቅ ልጄ» ብለው መረቁት። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ፤ ሌላ የሚጠብቀው ሰው ነበረ።

በማግስቱ አባባ ራሴን አመመኝ አሉ። የመንገዱ ድካም ነው አልኩ። ቤዛ የበላችውን አስመለሰች። ስቶማክ ፍሉ፣ የሆድ ጉንፋን፣ ይሆናል ብዬ ፈሳሽ እሰጣታለሁ። እኔም ከብዶኛል፤ ዕቃ ሳጥብ ጉልበቴ ይዝላል። የጉንፋን ሰሞን ስለሆነ ማንም ምንም አልጠረጠረም። ጣሪያው ላይ የጭስ አላርም አለን፤ ዝም ብሏል። ጭስ ቢኖር ይጮህ ነበር ብለን የምናስብ ሰዎች ነን። የማይሸት፣ የማይታይ ነገር ቤት ሊሞላ እንደሚችል የነገረኝ ሰው አልነበረም።

በሚቀጥለው ቀን ሙሉጌታ ታክሲውን ይዞ ኤርፖርት ሄደ። በረራ የተሰረዘባቸው መንገደኞች ብዙ ነበሩ። እኔ ቤት ቀረሁ። አባባ ከቁርስ በኋላ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ምሳ ሰዓት ደረሰ። በርዷቸው ይሆናል ብዬ ሙቀቱን ጨመርኩት።

ለሂተር ካምፓኒው የደወልኩት እንዲያው ስዊቹን ለማስቀየር ቀጠሮ ለመያዝ ነበር። ስልኩን ያነሣችው በድምጿ ጎልማሳ የምትመስል ሴት ናት።

«ሂተሩ አሁን ይሠራል?» አለችኝ።

«አዎ፣ በደንብ ይሠራል።»

«ታዲያ ምን እናድርግልሽ?»

«ስዊቹ እንዲቀየር ነው። ሦስት ጊዜ ብልጭ ይል ነበር። ጓደኛችን በሽቦ ባይፓስ ሲያደርገው ተወ።»

ከዚያ ድምጿ ተለወጠ።

«ሃኒ፣ ስሚኝ። ቤት ውስጥ ማን ማን አለ?»

ነገርኳት።

«ራሱን ያመመው ሰው አለ? ያስመለሰው?»

«ሁላችንም ጉንፋን ይዞናል» አልኳት።

«ጉንፋን አይደለም። አሁኑኑ ውጡ። ኮት አትፈልጊ፣ ጫማ አትፈልጊ። ስልኩን ሳትዘጊ ውጪ። አድራሻሽን ንገሪኝ፤ እኔ ናይን ዋን ዋን ደውዬ እርዳታ አስልክልሻለሁ።»

ቤዛን ከአልጋዋ አንሥቼ ደጅ የቆመችው መኪናዬ ውስጥ አስቀመጥኳት። ለአባባ ተመለስኩ።

«አባባ፣ ይነሡ! ውጭ እንውጣ!»

ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። ፊታቸው ቀልቷል። «ተዪኝ ልጄ፤ እንቅልፌን ልጨርስ» አሉና መልሰው ጨፈኑ። ነቀነቅኳቸው፣ ጮህኩባቸው። በዕድሜዬ በአማቴ ላይ ጮሄ አላውቅም። አልመለሱልኝም። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ልሸከማቸው አልችልም። ወንበሩን ገፍቼ ወደ ምንጣፉ አወረድኳቸውና በጋቢያቸው ጠቅልዬ መጎተት ጀመርኩ። እግሬ የእኔ አልመስል አለኝ። ትንሽ ጎትቼ እቀመጣለሁ፣ እንደገና እነሣለሁ። ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ «ወጣሽ? ወጣሽ ወይ?» እያለ ይጮኻል።

በሩ ጋ ደረስኩ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። በሩን ከፍቼ ፊታቸውን ወደ ብርዱ አዞርኩና አጠገባቸው ተዘረርኩ። የእሳት አደጋ ሰዎች ያገኙን እንዲያ ነው፤ ግማሽ ገላችን ደጅ፣ ግማሹ ቤት ውስጥ ሆኖ።

ሆስፒታል ኦክስጅን ሲሰጡን እኔና ቤዛ ቶሎ ነቃን። አባባ ግን ቆዩ። በኋላ እንደተነገረን ስዊቹ ምንም አልሆነም ነበር። የእሱ ሥራ የተቃጠለው ጋዝ በጣሪያው ላይ በሚወጣው ቧንቧ በኩል ወደ ውጭ መውጣቱን እየጠበቀ፣ ካልወጣ እሳቱን መከልከል ነው። አከራያችን በዚያው ዓመት ጣሪያውን ሲያስቀይር የሬንጅ ወረቀት ቁራጭ ቧንቧው ውስጥ ገብቶ ዘግቶታል። መብራቷ መውጫ ጠፋ ነበር የምትለው። እኛ የስዊቹን ስም ስናነብ ተበላሸ የተባለው እሱ መሰለንና አፉን ዘጋነው። መርዙም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት፣ ወደ እኛ ዞረ።

ተስፋዬ ወሬውን ሰምቶ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል መጣ። ከክፍሉ በር ላይ ቆሞ አልገባም። ከኤርፖርት መጥቶ አጠገባችን የነበረው ሙሉጌታ ወደ ኮሪደሩ ወጣበት።

«አባቴን ልትገድልብኝ ነበር! ልጄን!»

ተስፋዬ አልተከራከረም። «አውቃለሁ» ብቻ አለ። ከዚያ ፊቱ በአንድ ጊዜ አመድ ሲመስል ከአልጋዬ ላይ ሆኜ አየሁት።

«ሙሌ... ካሮልተን ያለ ሌላ ቤት ላይም እንደዚሁ አድርጌያለሁ። የዚያን ዕለት ከእናንተ ወጥቼ።»

ስልክ አወጣ፤ ለዚያ ቤት ሰዎች ደወለ፤ አይነሣም። ደጋግሞ ደወለ። ናይን ዋን ዋን ደውሎ አድራሻውን ሊነግር ቢሞክር መንገዱን እንጂ የቤቱን ቁጥር አያስታውስም። የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ ሲያወጣ ወለሉ ላይ ወደቀበት።

ሙሉጌታ ጎንበስ ብሎ ቁልፉን አነሣው። «ና፣ እኔ ልንዳ» አለው።

አባቱ ራሳቸውን ሳያውቁ ተኝተው፣ እኔና ልጁ አፋችን ላይ ማስክ ተደርጎልን፣ እሱ ከዚያ ሰው ጋር ሄደ። በልቤ ተቀየምኩት። እውነቱን ለመናገር አትሂድ ልለው ነበር። ማስኩን ሳወልቅ ኮሪደሩ ባዶ ሆኗል።

ካሮልተን ያሉት ባልና ሚስት ደህና ነበሩ። ቀን ቀን ሁለቱም ሥራ ስለሚውሉ ቤቱ ባዶ ይሆናል። ሚስቲቱ ግን በሁለቱም ጠዋት ራሷን አሟት እንደነበር ነገረቻቸው። እርጉዝ ስለነበረች በዚያ አመካኝታዋለች። ሙሉጌታ ይህን ሲነግረኝ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔም ቅያሜዬን የት እንደማደርገው አጣሁ።

አባባ ነቁ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ በእግራቸው ሄዱ፤ ግን እንደ ድሯቸው አልሆኑም። በስልክ ስናወራ መሐል ላይ የሰው ስም ይጠፋቸዋል፤ እኛም እስኪመጣላቸው እንጠብቃቸዋለን። ተስፋዬን ግን አንድ ቀን ክፉ አልተናገሩትም። እሱ ራሱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ያደረገውን ለሕዝቡ ተናገረ። የሽቦውን ነገር በእጁ እያሳየ አስረዳ። በዚያ ሳምንት ብዙ ሰው የጋዝ አላርም ገዛ።

ያችን በስልክ ያወጣችኝን ሴት ላመሰግን መልሼ ደወልኩ። ያነሣው ሌላ ሰው ነው፤ ማን እንደነበረች ሊያውቅልኝ አልቻለም። ድምጿን አሁንም ብሰማው የምለየው ይመስለኛል።

ተስፋዬ ዛሬም ቤታችን ይመጣል። እወደዋለሁ፤ ቤዛም እንደ አጎቷ ታየዋለች። ባለፈው የኩሽናው በር አልዘጋ ብሎን ሲያየው ከመሳቢያ መፍቻ አወጣ። «ተወው ተስፍሽ፣ ሰው እንጠራለን» አልኩት። መፍቻውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ተቀመጠ። የበር ማጠፊያ ማንንም እንደማይገድል አውቃለሁ። እንደማሳዝነውም አውቃለሁ። ያም ሆኖ ነገ ቢያነሣው መልሼ ተወው እለዋለሁ።