በሚካኤል ዕለት የገባው ኮምባይነር

ሱቄ እንጅባራ ውስጥ አስፋልት ዳር ነው። ኅዳር ሲብት ከዳንግላ በኩል የሚመጡ ኮምባይነሮች መንገዱን ሞልተው በፊቴ ያልፋሉ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ደጄ ላይ ቆመና ሹፌሩ ውኃ ሊገዛ ገባ። ሞተሩን እንኳ አላጠፋውም። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንቀጠቀጡ ጀመር፤ እኔም አብሬያቸው።

«ምነው እናቴ፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ።

«ደህና ነኝ፤ አንተ ብቻ ሂድልኝ» አልኩት። ምን በድሎኝ ነው እንዲያ ያመናጨቅኩት? ምንም። ድምፁ ነው። ይኼ ድምፅ የሚያስታውሰኝን ነገር ሰው አያውቅልኝም።

ያኔ ገና ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ቤታችን ከዘንገና ሐይቅ ብዙም የማይርቅ መንደር ውስጥ ነበር። አባዬ ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ ያለነው እኔና እናቴ ነን። ከፈረስ ወድቆ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ማጨድ አይችልም። ወንፈል መቼም ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ እኔ ላንተ አጭዳለሁ፣ ነገ አንተ ለእኔ ታጭዳለህ። ነገ ሊሄድ የማይችል ሰው ታዲያ ዛሬ ማንን ይጠራል? አባዬ «በነፃ እጨዱልኝ» ከሚል ምላሱ ቢቆረጥ የሚመርጥ ሰው ነበር። ማንም ሳያስወጣው በገዛ ፈቃዱ ከወንፈሉ ወጣ።

የኮምባይነር ኪራይ ወሬ ወደ እኛ መንደር የደረሰው በዚያው ዓመት ነው። ማሽኑ ቁርጥራጭ ማሳ ውስጥ አይገባም ስለተባለ ጎረቤታሞቹ ማሳቸውን ኩታ ገጠም አድርገው ሁሉም ስንዴ ዘሩበት። አንድ ደላላ መጥቶ «ስንዴው በደረሰ ማግስት አመጣላችኋለሁ» ብሎ ምሎ ተገዝቶ ሄደ። የእኛ ማሳ መንገድ ዳር ስለሆነች የማሽኑ መግቢያ በእኛ በኩል ሆነ። አባዬ በዚህ እንዴት ደስ አለው! «እንግዲህ እኔ ያላሳለፍኩት ማንም አያልፍም» እያለ በየጠላ ቤቱ ሲቀልድ ከረመ።

ስንዴው ደግሞ ሲያምር! ጥቅምት ላይ እሸቱን በእሳት ለብለብ አድርገን ስናሽ እጃችን ይጠቁራል፣ አፋችን ይጠቁራል፣ እናቴም የእኛን ጥርስ እያየች ትስቃለች። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠ እሸት በልቼ አላውቅም።

ከዚያ ኅዳር ገባ፤ ማሽኑ ግን የለም። ድምፁ ብቻ ይሰማል። አንድ ቀን በጥርባ በኩል፣ ሌላ ቀን ከወንዙ ማዶ፣ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ስንዴው ከመድረስ አልፎ ማጭድ ሳይነካው መርገፍ ጀመረ። አባዬ ዛላውን በመዳፉ ይዞ ያየውና ይለቀዋል። ከሰዓት ከሰዓት በሐይቁ በኩል ጥቁር ደመና ይነሣል፣ ያጉረመርማል፣ ሳይዘንብ ይበተናል። እናቴ ደጅ ቆማ «ይኼ ሰማይ አላማረኝም» ትላለች። ሌሎቹ ቢብስ ቢብስ ልጆቻቸውንና ወንፈላቸውን ይዘው በማጭድ ይወጡታል። እኛ ግን ማሽኑ ካልመጣ ዓመቱን የምንበላው የለንም።

መጣ። የመጣው ግን በኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው።

በእኛ አገር በሚካኤል ማሳ የነካ ሰው የሚያመጣው ጣጣ ለራሱ ብቻ አይደለም፤ በረዶው በመንደሩ ሁሉ ነው የሚወርደው ይባላል። ለዚህ ነው አንዱ በበዓል ማጭድ ሲያነሣ ሌላው እጁን የሚይዘው። የዚያን ዕለት ጠዋት እንደ ወጉ የየቤቱ ጥራጊ ደጅ ተከምሮ ይቃጠል ነበር። ጭሱ ወደ ላይ አልወጣ ብሎ ማሳው ላይ ተኝቷል። ማሽኑ ከዚያ ጭስ ውስጥ ብቅ ሲል ውሾቹ እንኳ ሳይጮኹ ነው የሸሹት።

ሹፌሩ መሐመድ የሚባል የዳንግላ ሰው ነው፤ ጨዋ ሰው። ወርዶ አባዬን ሰላም አለና «አባቴ፣ እኔ ታዛዥ ነኝ። ነገ በማለዳ ወደ አዘና ግባ ተብያለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ወደዚህ አልመለስም። በዓላችን ነው ካላችሁ አሁኑኑ እሄዳለሁ» አለው።

ሰዎቹ ከቤተ ክርስቲያን ነጭ እንደለበሱ መጥተው ከበቡ። ከፊት የቆመው አያ ዘለቀ ነው፤ የአባዬ የልብ ወዳጅ፣ በጎረምሳነታቸው ጉግስ አብረው የጋለቡ።

«ይሂድ» አለ አያ ዘለቀ። «እኛ በማጭድ እንወጣዋለን።»

«እናንተ ትወጡታላችሁ» አለ አባዬ። «እኔስ?»

አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ «እኛ እናጭድልሃለን» ቢል ኖሮ! እየዞረ የእያንዳንዱን ፊት አየ። አንዱ መሬት መሬት ያያል፣ አንዱ ጋቢውን ያስተካክላል። አያ ዘለቀ ሊናገር ከንፈሩን ያንቀሳቀሰ መስሎኝ ነበር፤ ግን ዝም አለ።

«እንግዲያው እኔ ማጭድ አልያዝኩም፣ በሬም አልጠመድኩም» አለ አባዬ። «የሚሠራው ማሽን ነው።»

«በረዶው የማን እጅ ነው ብሎ አይጠይቅም፣ ወንድሜ!» አለ አያ ዘለቀ።

አባዬ ወደ መሐመድ ዞሮ «ግባ» አለው። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ሚካኤል፣ አንተው ታውቃለህ» አለች። መሐመድ ሰዎቹን አየ፣ አባዬን አየ፣ ከዚያ ማሽኑ ላይ ወጣ።

ማሳችን ትንሽ ናት፤ ለማሽኑ ቁርስም አትሆነው። ሰዎቹ አልሄዱም። ዳር ዳሩን ቆመው ቀሩ፤ ማሽኑን ግን አያዩም። የሚያዩት ሰማዩን ነው። የሰው ዓይን እንዲያ ሲያስፈራ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። ጆንያውን እኔና እናቴ በፈረስ ስናመላልስ እጁን የዘረጋልን መሐመድ ብቻ ነበር። የመጨረሻውን ጭነን ስንገባ እሱም ማሽኑን አስነሥቶ በመጣበት ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ነው። መጀመሪያ ነፋሱ ቀጥ አለ። ከብቶቹ ማንም ሳይነዳቸው ወደየቤታቸው ይሮጡ ጀመር። ከዚያ ቆርቆሯችን ላይ አንድ ነገር ጠቅ አለ፤ ደገመ፤ ከዚያማ ምን አለፋችሁ፣ ቤቱ የሚፈርስ መሰለን። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ በአውንጊ ይጮኻል፤ ሲጨንቀው አማርኛው ይጠፋበታል። «ተው! ተው!» ማለቱ ነው። ማንን እንደሆነ እንጃ።

ሲያባራ ወጣን። የጎረቤቶቻችን ስንዴ መሬት ላይ ተለጥፎ፣ ፍሬው ከበረዶው ጋር ጭቃ ውስጥ ተለውሷል። የእኛ ማሳ ላይ ቃርሚያ ብቻ ነው ያለው፤ በረዶው የሚመታው አላገኘም። ሴቶቹ በየማሳቸው ቆመው ያለቅሳሉ። ወደ እኛ ቤት ግን ማንም ቀና ብሎ አላየም።

ልማዱ ሽማግሌ ተቀምጦ ጥፋተኛውን መቅጣት ነው። አባዬ በማግስቱ ንጹሕ ጋቢውን ለብሶ ደጁ ላይ ተቀመጠና ጠበቃቸው። አልመጡም። በሚቀጥለውም ቀን ጠበቀ። መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላምታውን ይመልሳሉ፤ ከዚያ ያለፈ ቃል ግን ጠብ አይልላቸውም።

«ምናለ ቢሰድቡኝ!» አለ አንድ ቀን ራሱን ይዞ። «ምናለ ቢደበድቡኝ!»

በመጨረሻ ከስንዴው የሚበዛውን በፈረስ ጭኖ እኔን አስከትሎ አያ ዘለቀ ቤት ሄደ። አያ ዘለቀ ጆንያዎቹን በልጆቹ አስገባ። ከዚያ በሩን በአንድ እጁ ይዞ፣

«እህሉን ተቀብያለሁ፤ ልጆቼ የሚበሉት የላቸውም» አለ። «አንተ ግን ከእንግዲህ ደጄን አትርገጥ።»

«ዘለቀ፣ ያን ቀን “እኔስ?” ስልህ ምነው ዝም አልከኝ?»

አያ ዘለቀ በሩን ሲዘጋው ቀስ ብሎ ነበር።

እቤት ከቀረው ስንዴ አባዬ አንዲት ፍሬ አልቀመሰም። እናቴ ዳቦ ስትጋግር ወጥቶ ይሄዳል። ድንችና የገብስ ቂጣ እየበላ ዓመቱን ጨረሰ። እኔ በረዶው በእሱ ምክንያት ወረደ ብዬ አንድም ቀን አምኜ አላውቅም፤ በረዶ በኅዳር ስንት ጊዜ ወርዷል! እሱ ግን አመነ። የገደለው ይኼ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲሞት መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ቀበረው፤ አያ ዘለቀም ከሁሉ በላይ ጮኾ አለቀሰ። ምን ያደርጋል?

አምና ለኅዳር ሚካኤል ወደ መንደር ወጥቼ ነበር። ከቅዳሴ ስመለስ የአያ ዘለቀ ልጆች ማሳ ላይ ኮምባይነር እየዞረ ያጭዳል። ማሳው ዳር ሄጄ ቆምኩ። ትንሹ ልጁ አይቶኝ እየሳቀ መጣ።

«ምነው፣ በበዓሉ?» አልኩት።

«ምን ይደረግ እትዬ፣ ተራው የደረሰን ዛሬ ነው። ደሞ እኛ መቼ ሠራን? የሚሠራው ማሽኑ አይደል?» አለኝ።

ክፋት የለበትም፤ የዚያን ጊዜ ጡት አልጣለም ነበር። ቆሎ ከኪሱ ዘግኖ ሰጠኝ። ዳር ዳሩን የቆሙት ጎረቤቶቹ ስልካቸውን ይነካካሉ፣ ይቀላለዳሉ። ሰማይ የሚያይ አንድ ሰው የለም። እኔ ግን አየሁት። አልዋሻችሁም፤ ምነው በረዶው አሁን በወረደ ብዬ ከልቤ ተመኘሁ። እዚያው ቆሜ ጠበቅኩ። ሰማዩ ጥርት እንዳለ ዋለ፤ ልጆቹም ስንዴያቸውን በሰላም አስገቡ።