ክር የሌለው ጭልፋ

ዛሬ ሰይድ የመጀመሪያውን ጉርሻ አፉ ሊያደርስ ሲል እጁን ለቀም አድርጌ ያዝኩት።

ሰይድ የሐርቡ ወዳጄ ነው። ደሴ ሲመጣ ምሳ ልጋብዘው ቃል ገብቼ ስለነበር ሰኞ ገበያ፣ እትዬ ደስታ ምግብ ቤት ወሰድኩት። (ጣልያኖቹ የሚበሉበት ቤትማ እኛን የሚያስገባው ወለል ለመጥረግ ነው።)

እትዬ ደስታ ሁለት ድስት ይጥዳሉ፤ አንዱ የክርስቲያን ሥጋ፣ አንዱ የእስላም ሥጋ። እንዳይነካካ የእስላሙ ጭልፋ ቀይ ክር ታስሮበታል።

እኔ ደግሞ መቀመጥ አልችልም። ወጡ ዘገየ፤ የኮምቦልቻው ካሚዮን ሰይድን ጥሎት ሊሄድ ነው። ተነስቼ ደጅ አየሁ፣ ተመለስኩ፣ አላስችል ብሎኝ ጓዳ ገባሁ። እትዬ ደስታ ለውሃ ወጥተዋል። የሰይድ ድስት ሊያር መሰለኝና ያገኘሁትን ጭልፋ አንስቼ አማሰልኩት።

ጭልፋው ክር እንዳልነበረው ትዝ ያለኝ ወጡ ከቀረበ በኋላ ነው።

ነገርኩት። ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠና "አብሽር፣ ባትነግረኝ ነበር የምቀየምህ" አለኝ።

እትዬ ደስታ ግን "አሁን የእስላም ደንበኞቼን ምን ላበላ ነው? ሁለተኛ ጓዳዬን እንዳትረግጥ" ብለውኛል።

ሰይድ ሽሮ አዘዘ። እኔም ሥጋዬን ትቼ አብሬው ቀረብኩ። ስንት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ለየብቻ ስንበላ ኖረን፣ ከአንድ ትሪ ስንቆርስ ዛሬ የመጀመሪያችን ነው። ትሪውን ጠርገን ተነሳን።

ካሚዮኑ ሄዷል። ሰይድ ሆጤ ሰፈር እኔ ቤት ተጋድሞ ያንኮራፋል፤ እኔ ከወዲያ ወዲህ እላለሁ።

እስቲ ንገሩኝ፣ በገዛ ጥፋታችሁ የጣፈጠ ምሳ በልታችሁ ታውቃላችሁ?