በሩ ነው ወይስ ዓይኔ የጎበጠው?

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ከራሷ እንዳትጨምር አጠገቧ ቁጭ ብያለሁ።

ያደግኩት አንኮበር ነው። ከልጅነቴ ቅርብ ያለ ነገር አያመልጠኝም፤ ሱፍ ስፈትል የክሩን አንጓ እንኳ አያለሁ። ራቅ ሲል ግን ሁሉም ጉም ነው። ጉሙ የአገሩ ይመስለኝ ነበር፤ አንኮበር መቼ ጉም ያጣል? ሰው ሰላም ሳልል ስለማልፍ ኩሩ ናት ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን አልኮራም ብዬ፣ ነጭ የለበሱ ቄስ መስሎኝ መስቀል ልሳለም ጎንበስ ስል፣ ነጭ ጆንያ የተጫነ አህያ ሆኖ ተገኘ። አህያው ጨዋ ነበር፤ ዝም ብሎ ቆመልኝ።

ግራ ዓይኔ ከደከመች ቆየች፤ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የምትለየው። የምኖረው በቀኟ ነው። ሳረጅ ልጄ ደብረ ብርሃን ወስዳ እሷ ዘንድ አስቀመጠችኝ። እዚያም ሱፌን እፈትላለሁ፣ ባሏን እነዘንዛለሁ። ባሏ አናጢ ነው።

አንድ ጠዋት ስነሳ የሳሎኑ በር መቃን መሃሉ ላይ ጎብጧል። እሱ ራሱ የሠራው በር ነው። ለሰው ቀጥ ያለ ትሠራለህ፣ ለአማትህ ሲሆን ጎባጣ? አልኩት። ዳብሶ፣ ለክቶ፣ ምንም አልሆነም አለ። እኔ መች እለቀዋለሁ። ሳምንት ሙሉ ስነዘንዘው ነቀለና፣ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ እያልኩት መልሶ ገጠመው። ምን ይላል፣ እሱም እንደ አህያው ጨዋ ነው። በሩ ግን አሁንም ጎብጧል።

በመጨረሻ ቱንቢውን አመጣ፤ ጫፉ ላይ ብረት ያለበት ክር ነው። ከመቃኑ አጠገብ ሰቀለና፣ “እማማ፣ እንግዲህ ይሄ ይፍረደን” አለ።

አየሁት። “ክርህም ጎብጧል” አልኩት።

ማንም አልሳቀም። ብረት የጎተተው ክር እንዴት ይጎብጣል? የራሴን እንዝርት አነሳሁ፤ የራሴም ክር መሃሉ ላይ ተጣሟል። ያን ጊዜ ፈራሁ። የበሩ ነገር እዚያው ተረሳ።

ዓይን ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሟ የልጅ ልጄን የምታክል ልጅ ናት፤ በመብራት ስታየኝ ቆየችና ማስረዳት ጀመረች። ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይኔ ከሌላ ሰው ዓይን ይልቅ ወደ ኋላ ረዝሞ ነው ያደገው አለች። ሩቁ ጉም የሆነብኝም ለዚያ ነው። ሲረዝም የኋላው ግድግዳ ተወጥሮ ሳስቷል፣ የደም ሥሮቹም አብረው ተስበው ቀጥነዋል። በሳሳው ቦታ ደግሞ አዲስ የደም ሥር በቅሏል፤ እሱ ደካማ ስለሆነ ያንጠባጥባል፣ ቀጥ ያለውን ነገር የሚያጎብጠውም እሱ ነው።

ግራ ገባኝ። ሱፍ ሲስቡት እንደሚቀጥን አውቃለሁ፣ እሱ ገባኝ። ግን እኔ ሁለመናዬ አጭር ሆኖ ዓይኔ ብቻ እንዴት ረዘመ? ደግሞስ የሚያረጅ ዓይን ምን አዲስ ነገር ያበቅላል? መነጽር አይበቃም ወይ ብላት፣ መነጽር ሩቁን ያቀርብልዎታል እንጂ የሚያንጠባጥበውን አያደርቅም አለችኝ።

“እማማ፣ መርፌ ካልተወጉ የዚች ዓይን መሃሏ ይጠፋል። ዳር ዳሩን ያያሉ እንጂ የሰው ፊት አይለዩም።”

“ክርስ?”

“ክርም አይታይዎትም።”

መርፌው የት ነው የሚወጋው ስላት ጣቷን ወደ ዓይኔ ቀሰረች። ዓይኔ ላይ ነው ለካ። እንቢ ብዬ ቤቴ ገባሁ። ሁለት ቀን እንዝርቴን ሳልነካ ከርሜ፣ በሦስተኛው ቀን ራሴው ነጠላዬን ለብሼ ውሰዱኝ አልኳቸው።

መርፌው ያለው አዲስ አበባ ነው ተባለ። ስንሄድ መንገዳችን ላይ ባለችው ጫጫ ከተማ፣ ከመስኮቴ አጠገብ የሚያልፈው የመብራት ምሰሶ ሁሉ ወገቡ ተሰብሯል። ዓይኔን አደንዝዘው ወጉኝ፤ ከፈራሁት አይብስም። በወር አንዴ እየሄድኩ ሦስት ጊዜ ተወጋሁ። ከሦስተኛው ስመለስ የጫጫ ምሰሶዎች ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሚኒባሱ ውስጥ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ቤት ስገባ በሩ ጎብጧል።

እደጃፉ ቁጭ አልኩ። መርፌው ሁሉ በከንቱ! የልጄ ባል ቱንቢውን አምጥቶ ሰቀለው። ክሩ ቀጥ ብሎ ወርዷል። አሁንም አየሁት፣ ቀጥ ብሏል። የዘመመው በሩ ነው።

“እማማ፣ ያኔ ወደዚህ፣ ወደዚያ እያሉ ያስገጠሙኝ እርስዎ ነዎት እኮ” አለኝ።

ላስተካክለው ሲል እኔ ያዘመምኩት ነው፣ ተወው አልኩት፤ ክሩንም እዚያው እንደተሰቀለ አስቀረሁት። ሐኪሟ ቀጥ ያለ ነገር በየቀኑ እያዩ ይፈትሹ፣ ከጎበጠ ቶሎ ይምጡ ብላኛለች። ጠዋት ጠዋት ክሩን አይቼ ነው ሱፌን የማነሳው። ዓይን እንዴት እንደሚረዝም ዛሬም አልገባኝም። እንግዳ መጥቶ በሩን አየት አድርጎ ምነው ዘመመ ሲል ግን፣ አናጢውን ጠይቁት እላለሁ።