ለቅሶ የደረሰው ጠረጴዛዬ

ዕድሜዬን ሙሉ ኮምፔንሳቶ የቆረጥኩት መሬት ላይ ተንበርክኬ ነው። ጉልበቴ እንቢ ሲለኝ ልጄ ታጣፊ፣ ባለጎማ የመቁረጫ ጠረጴዛ ገዛችልኝ። በቃ፣ ሠለጠንኩ ብዬ ካዛንቺስ ደጄ ላይ፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ዘረጋሁት። ነገ ለሙሽሮች የሚደርስ ቁም ሳጥን ልሠራ ኮምፔንሳቶውን ጫንኩበት። የጎማውን ፍሬን ግን አልያዝኩም። መጋዝ ላመጣ ገብቼ ስወጣ ጠረጴዛው የለም።

ቁልቁል ሮጥኩ፤ መሮጥ ከተባለ። ለካ ከታች የለቅሶ ድንኳን ደጃፍ ሄዶ ቆሟል። ሴቶቹ እድሩ የላከው መስሏቸው ኮምፔንሳቶው ላይ የንፍሮ ሳህን ደርድረዋል። ለቅሶ ቤት ደግሞ «ዕቃዬን ስጡኝ» ይባላል? ኮፍያዬን አውልቄ ገብቼ ተቀመጥኩ። ሟቹን አላውቃቸውም። ሰው ሲያለቅስ ግን እኔም አለቀስኩ፤ ለኮምፔንሳቶዬ።

አንድ የእድሩ ሰው ጠጋ አለኝ።

«ጋሼ፣ ጠረጴዛውን ያመጡት እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«አዎ» አልኩ፣ ሊመልስልኝ ነው ብዬ።

«እግዜር ይስጥልን! እስከ ሣልስት ይቆይልን ይሆን?»

ሠርጉ ነገ ነው ልለው አፌን ከፈትኩ።

«ምን ችግር አለው» አልኩት፣ «እስከ አርባው ይቆይ።»